የዶጅ ቦዲ፣ የሸቭሮሌ ሞተር



ከዚህ ከትንሿ ኢትዮጵያ ተነሥቶ በፌርፋክስ ጎዳና ወደ ሰሜን ትንሽ ያቀና ሰው፣ ዊልሻየር ሲደርስ ሁለት ሙዚየሞች ያገኛል። አንዱ ፒተርሰን የተባለው የመኪና ሙዚየም ነው። ሌላው ኦስካርን የሚሸልመው አካዳሚ በ2021 የከፈተው የፊልም ሙዚየም ነው። (ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) የዛሬው ርእሴ ሁለቱንም ይመለከታል። የማወራው ለአክሽን ፊልም ተብለው ስለሚሠሩት የድሮ የአሜሪካ ጉልበተኛ መኪኖች፣ መስል ካር ስለሚባሉት ነው። በተለይም በውስጣቸው ስለሚገባው የሌላ መኪና ሞተር።

በ2001 የወጣውን የመጀመሪያውን «ፋስት ኤንድ ፊዩሪየስ» ከመካከላችን ያላየ ጥቂት ነው። ዶሚኒክ ቶሬቶ የጋራዡን በር ከፍቶ ጥቁሩን የ1970 ዶጅ ቻርጀር ሲያሳይ፣ ከአባቱ ጋር የሠሩት የ900 ፈረስ ጉልበት መኪና መሆኑን ይናገራል። ከኮፋኖው በላይ ብቅ ያለ ትልቅ ሱፐርቻርጀር አለው፤ አየርን በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባው መሣሪያ ማለት ነው። መጨረሻ ላይ መኪናው የፊት ጎማዎቹን ከአስፋልቱ አንሥቶ ሲወረወር ሲኒማ ቤቱ ይጮኻል። እውነቱ ግን ያ ሱፐርቻርጀር ለዓይን የተቀመጠ መሆኑ ነው። የፊት ጎማዎቹንም ያነሣቸው ከሥር የተደበቀ ማንሻ እንጂ የሞተሩ ጉልበት አልነበረም።

ይህን የሰሙ ብዙ ወጣቶች ይከፋቸዋል፤ ተታለልን ይላሉ። እኔ አንድም የተታለለ ሰው የለም ባይ ነኝ። የፊልም መኪና እውነተኛነት የሚለካው ኮፋኖው ሥር ባለው ሞተር ስም አይደለም። ትዕይንቱ ለአምስተኛ ጊዜ ሲደገም እንደ መጀመሪያው መነሣቱ፣ ቁም ሲሉት መቆሙ፣ ሲገለበጥም ውስጡ ያለውን ሰው ማትረፉ ነው መለኪያው። ሞተር የሚቀየረው ለዚህ ነው። ይህን የሚያደርጉት መካኒኮችም ከፊልሙ ደራሲዎች እንደ አንዱ መቆጠር አለባቸው ብዬ አምናለሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላንሣ። ሞተር መቀየር ለእነዚህ መኪኖች ባዕድ አይደለም፤ ዘራቸው ራሱ የመጣው ከዚያ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጄኔራል ሞተርስ መካከለኛ መጠን ባላቸው መኪኖቹ ላይ ከ330 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም ከ5.4 ሊትር የሚበልጥ ሞተር እንዳይገባ የሚከለክል የውስጥ ደንብ ነበረው። በፖንቲያክ ክፍል ይሠሩ የነበሩት መሐንዲስ ጆን ዲሎሪያንና ባልደረቦቻቸው፣ ለትልልቆቹ ፖንቲያኮች የተሠራውን 389 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር ወስደው በመካከለኛው ቴምፔስት ውስጥ ከተቱት። ደንቡ የሚመለከተው ራሱን የቻለ ሞዴልን ነው ብለው፣ ጂቲኦ የተባለውን መኪና ለ1964 ገዢ ሲፈልግ የሚጨምረው ምርጫ አድርገው አቀረቡት። ገበያው ተሻማበት። ፎርድም፣ ዶጅም፣ ፕሊመዝም ተከተሉ። በ1970 ሄሚ የሚባለው የክራይስለር 426 ሞተር በፋብሪካው ወረቀት ላይ 425 ፈረስ ጉልበት ተጽፎለት ነበር። ከዚያ የኢንሹራንሱ ዋጋ ናረ፤ የአየር ብክለት ሕግ ወጣ፤ በ1973ም የነዳጁ ማዕቀብ መጣ። ዘመኑ አሥር ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላው አለፈ።

ዘመኑ አጭር ስለነበረ ከነሞተሩ የቀረው መኪና ጥቂት ነው፤ ጥቂት ስለሆነም ውድ ነው። ከፋብሪካ ከነሄሚው የወጣ ቻርጀር ዛሬ በጨረታ ከመቶ ሺህ ዶላር በላይ ያወጣል። እንዲህ ያለውን ቅርስ ግድግዳ ጋር አጋጩልን ብሎ ማምጣት ለእኔ ነውር ነው።

አሁን ወደ ጋራዡ እንግባ። ዴኒስ ማካርቲ ከ2006ቱ «ቶኪዮ ድሪፍት» ጀምሮ የ«ፋስት ኤንድ ፊዩሪየስ»ን መኪኖች ሲያዘጋጅ የኖረ ሰው ነው። ሥራ ቤቱ ከዚህ ብዙም በማይርቀው ሰን ቫሊ ነው፤ የአሮጌ መኪና ግቢዎችና የመለዋወጫ ሱቆች በተደረደሩበት ሰፈር። የሥራውን ስፋት ለመገመት ያህል፣ በ2015 የወጣው «ፊዩሪየስ 7» ሲሠራ ከ230 በላይ መኪኖች መውደማቸውን ራሱ ለጋዜጣ ተናግሯል። ለአደጋ ትዕይንት በሚሠሩት መኪኖች ላይ ብዙ ጊዜ የሚመርጠው ሞተር አንድ ዓይነት ነው፤ የጄኔራል ሞተርሱ ኤልኤስ3። 6.2 ሊትር፣ ስምንት ሲሊንደር፣ ብሎኩ አሉሚኒየም፣ መጀመሪያ የ2008 ኮርቬት ላይ የተገጠመ ሞተር ነው። ለብቻው ከፋብሪካ በሣጥን ታሽጎ ይሸጣል፤ ጉልበት የተጨመረለት ዓይነቱ 525 ፈረስ ጉልበት ይሰጣል።

የሸቭሮሌ ሞተር በዶጅ ቻርጀር ውስጥ! የዶጅ ወዳጅ ይህን ሲሰማ ደሙ ይፈላል፤ ስሜቱ ይገባኛል፤ እኔም የድሮ መኪና ወዳድ ነኝና። ሆኖም ምክንያቱን ስሙት። ፊልም ለአንድ ገጸ ባሕርይ አንድ መኪና ብቻ አይሠራለትም። ካሜራው ተጠግቶ የሚያነሣው፣ ቀለሙ የሚያብረቀርቅ፣ ወንበሩ ተለክቶ የተሰፋ አንድ አለ። የሚሮጡና የሚንሸራተቱ ሌሎች አሉ። ለመዝለልና ለመጋጨት ብቻ የተሠሩ አሉ። ካሜራና ተዋናይ አብረው እንዲገቡበት ጎኑ ወይም ፊቱ ተቆርጦ የተነሣ ግማሽ መኪናም አለ። እነዚህ ሁሉ በተመልካቹ ዓይን አንድ መኪና ናቸው። ስምንት መኪኖች ቢሆኑና ስምንት ዓይነት የሃምሳ ዓመት ሞተር ቢኖራቸው ስምንት ዓይነት ካርቡራቶር መቃኘት፣ ስምንት ዓይነት መለዋወጫ ተሸክሞ ከአገር አገር መዞር ሊመጣ ነው። ሞተሩ አንድ ዓይነት ሲሆን ግን የተሰበረውን ሌሊቱን አውርዶ ሌላ መጫን ይቻላል። ፀሐይዋ ሳታልፍ ትዕይንቱን ለመቅረጽ መቶ ሰው ቆሞ በሚጠብቅበት ስፍራ፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሹፌሩም አንዱን የለመደ ሁሉንም ይለምዳል፤ ነዳጁን ሲረግጥ ምን እንደሚመጣ ያውቃል። በሰዓት መቶ ኪሎ ሜትር እየበረረ በካሜራና በሰው መካከል ለሚያልፍ ሰው ይህ ዕውቀት የሕይወት ጉዳይ ነው።

ሥራውን ቀረብ ብለን እንየው። ከአሮጌ ግቢ የመጣ፣ ወለሉን ዝገት የበላው ቻርጀር አለ እንበል። ባትላሜራው የበሰበሰውን ቆርጦ አዲስ ላሜራ ይበይድበታል። የድሮው ከባድ የብረት ሞተር በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ይወጣል። አዲሱ አነስ ያለና ቀለል ያለ ቢሆንም ዝም ብሎ አይገባም። ከሥር የዘይት ቋቱ ከተሻጋሪው ብረት ጋር ይጋጫል፤ ስለዚህ ቅርጹ የተለየ ቋት ይገጠምለታል። ጎን ለጎን የጭስ ማውጫው ከመሪው ዘንግ ጋር ይጋፋል፤ እሱም ታጥፎ እንደገና ይሠራል። የሞተሩ መቀመጫ አዲስ ነው፤ ካምቢዮው አዲስ ነው፤ ካምቢዮው ሲቀየር ካርዳኑም ተለክቶ ይቆረጣል።

ከሁሉ በላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው የነዳጁን ነገር ነው። ባለ ካርቡራቶር ሞተር ከግማሽ ባር ያልበለጠ የቤንዚን ግፊት ይበቃዋል። ኤልኤስ3 ባለ ኢንጀክሽን ስለሆነ 4 ባር ያህል ይፈልጋል። የ1970ውን ቱቦና መጋጠሚያ በዚህ ግፊት ላይ ማስቀመጥ እሳት መጥራት ነው። ስለዚህ ፓምፑም፣ ቱቦውም፣ የነዳጅ ታንከሩም ሁሉ ይወጣሉ። በምትካቸው በውስጡ ስፖንጅ ያለው፣ ሲገለበጥ ነዳጁን የማያፈስ የውድድር መኪና ታንከር ይገባል። ቀጥሎ ከወለሉ እስከ ጣሪያው በቱቦ ብረት የተበየደ ክፈፍ ይቆማል፤ መኪናው ቢንከባለል ጣሪያው የሹፌሩ ራስ ላይ እንዳይወርድ። ሁለቱን ትከሻ ከነወገብ የሚይዝ ቀበቶ ይታሰራል። ከካምቢዮው አጠገብ ረጅም የእጅ ፍሬን ይተከላል፤ ሲስቡት የኋላ ጎማዎቹን ብቻ ስለሚቆልፍ መኪናው ጅራቱን ወርውሮ ይዞራል። እኛ ወንበራችን ላይ ሆነን የምናደንቀው ያ መዞር፣ ከሞተሩ ይልቅ የዚያች ዘንግ ሥራ ነው።

ድምፁስ? ሲኒማ ቤት የምንሰማው ጉርምርምታ ብዙውን ጊዜ ለብቻው ተቀርጾ ኋላ ላይ ከምስሉ ጋር የተዋሐደ ነው። ድምፁ ከሌላ መኪና ሊመጣ ይችላል።

«ቶኪዮ ድሪፍት» ውስጥ የሞተር መቀየሩ ነገር የታሪኩ አካል ሆኖ ገብቷል። የፊልሙ ወጣት ባለታሪክ የአባቱን የ1967 ፎርድ ማስታንግ ባዶ ቦዲ ወስዶ አርቢ26 የተባለውን የኒሳን ሞተር ይጭንበታል። 2.6 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር በአንድ መስመር፣ ሁለት ቱርቦ ያለው ሞተር ነው። ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ሐሳብ አልነበረም፤ ሞተሩ በእርግጥ የገባበት መኪና ተሠርቷል። የሚያስቸግረው ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሞተሩ የተሠራለት ስካይላይን ጂቲአር በአራቱም ጎማ የሚነዳ በመሆኑ፣ የፊቱ ዲፈረንሻል ከዘይት ቋቱ ጋር አንድ ላይ የተያያዘ ነው። ማስታንጉ በኋላ ጎማ ብቻ ስለሚሄድ ያ ቋት እንዳለ ይወጣና ሌላ ይገባል። ለመንሸራተቻ ከተሠሩት ቅጂዎች መካከል ግን የአሜሪካ ስምንት ሲሊንደር የተሸከሙ ነበሩ፤ ርካሽና ታዛዥ ስለሆነ። ውሳኔው ትክክል ነበር እላለሁ።

አንዳንዶቻችሁ ይህን ሁሉ ስሰማ አገር ቤት ያለሁ መሰለኝ ሳትሉ አትቀሩም። አልተሳሳታችሁም። ከሶማሌ ተራ በተገዛ የቶዮታ ሞተር ላዳ የሚያስነሡ፣ ከካምቢዮው ጋር የማይገጥመውን በእጃቸው አገጣጥመው የሚያወጡ መካኒኮች አዲስ አበባ ውስጥ ስንት አሉ! በ2016 የ«ፋስት ኤንድ ፊዩሪየስ» ስምንተኛ ክፍል ሃቫና ውስጥ ሲቀረጽም፣ ኩባውያን የ1950ዎቹን የአሜሪካ መኪኖች ባገኙት የናፍጣና የሩስያ ሞተር ሲያሽከረክሩ አሥርት ዓመታት አልፈዋቸው ነበር። የአሜሪካ ማዕቀብ መለዋወጫ ከለከላቸው፤ እነሱ ደግሞ መኪናቸውን አልጣሉም። ሆሊውድ በብዙ ሚሊዮን ዶላር የሚያሠራውና ችግር ያስተማረው እጅ የሚያውቁት ዕውቀት አንድ ነው።

ለሚያጠፉትም አላዳላም። ከ1979 እስከ 1985 በቴሌቪዥን ይታይ የነበረው «ዘ ዱክስ ኦቭ ሃዛርድ» ከ300 በላይ ዶጅ ቻርጀሮችን ተጠቅሟል። ብርቱካናማዋ መኪና በየሳምንቱ ትዘላለች። ከፊት ከባድ ሞተር ስላለ በአየር ላይ አፍንጫዋ ወደ መሬት ይደፋል፤ ይህን ለማመጣጠን ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ሲሚንቶ ወይም አሸዋ ይሞሉ ነበር። ስታርፍ ቦዲዋ ይጣመማል፤ ከትልልቆቹ ዝላዮች በኋላ ለሌላ ሥራ የምትተርፈው ጥቂት ናት። ማብቂያው ላይ ቻርጀር መገኘቱ ሲቸግር አዘጋጆቹ ወደ ትንንሽ የሞዴል መኪና ዞሩ። በዚያን ጊዜ ያገለገለ ተራ መኪና እንጂ ቅርስ ነው ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ ያም ቢሆን ብክነት ነው። በጎ ሥራ ብዬ የማነሣው የዛሬዎቹን ነው፤ እንደ አዲስ የተመረተ ላሜራና ከዝገት የተረፈ ቦዲ ይፈልጋሉ፤ ከነሞተሩ የቀረውን ኦሪጅናል አይነኩም። ያ ሄሚ ዛሬም የሚነሣው የኤልኤስ3ቱ ቻርጀር በእሱ ፋንታ ስለተጋጨ ነው።

የ1968ቱን «ቡሊት» ሳልጠቅስ ባልፍ ይቅርታ የለኝም። ስቲቭ ማክዊን አረንጓዴ ማስታንጉን በሳን ፍራንሲስኮ ዳገት ሲያበር የሚያሳየው ማሳደድ ከአሥር ደቂቃ በላይ ይቆያል። ሁለት ማስታንጎች ተገዝተው ማክስ ባልቻውስኪ የተባለው የውድድር መኪና ሠሪ እግራቸውን አጠናከረ፤ ያንን ዳገት ዘሎ መውረድ የሚችል ባልስትራና አሞርዛተር ያስፈልግ ነበርና። ቀረብ ተብሎ የተቀረጸው ማስታንግ በጥር 2020 ከነኮሚሽኑ በ3.74 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። የተንገላታው ሁለተኛው ደግሞ በ2017 ሜክሲኮ፣ ባሃ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከአሮጌ መኪና ግቢ ተገኘ። ዝላዩን የዘለለው እሱ ነበር።

ወደ አውስትራሊያ ልሻገር። የ1979ኙ «ማድ ማክስ» ጥቁር ፎርድ ፋልከንም ከኮፋኖው የወጣ ሱፐርቻርጀር አለው፤ ተዋናዩ ማብሪያ ስቦ ያስነሣዋል። በመካኒክ ዓይን ይህ አይሆንም። ሞተሩ የሚተነፍሰው በሱፐርቻርጀሩ ውስጥ በሚያልፈው አየር ስለሆነ፣ እሱ ቆሞ ሞተሩ መሥራት አይችልም። የፊልሙም ለማሳያ የተቀመጠ ነበር። ስለዚህ ፊልም የማከብረው ነገር ሌላ ነው። ዳይሬክተሩ ጆርጅ ሚለር ሐኪም ነበሩ፤ ሲድኒ ውስጥ በሆስፒታል ሲሠሩ በመኪና አደጋ የተጎዱ ሰዎችን አክመዋል። መኪና ሰውን ምን እንደሚያደርገው በዓይናቸው ያዩ ሰው ናቸው። በአብዛኛው በእኛው አህጉር፣ በናሚቢያ በረሃ የተቀረጸው የእሳቸው የ2015ቱ «ፊዩሪ ሮድ» 150 ያህል ተሽከርካሪ ተሠርቶለታል። ከእነዚያ አንዱ የ1959 ሁለት ካዲላክ ቦዲ ተደራርቦ የተጫነበትና ሁለት ትልልቅ ስምንት ሲሊንደር ሞተሮች የተጣመሩበት ነው። ይሄዳል፤ በእርግጥ ይነዳል። የፊልሙ የገጽታ ንድፍ መሪ ኮሊን ጊብሰን በዚያ ሥራ ከባልደረባው ጋር ኦስካር ወስዷል። የሚነዳ መኪና መሥራት እንደ ጥበብ ተቆጥሮ መድረክ ላይ የወጣበት ብርቅ ቀን ነበር።

አሁን ከባዱን ልንገራችሁ። ኤች. ቢ. ሃሊኪ በ1974 «ጎን ኢን 60 ሰከንድስ» የተባለውን ፊልም ጻፈ፣ አዘጋጀ፣ ራሱ ነዳ። 40 ደቂቃ የሚዘልቅ ማሳደድ አለበት፤ 93 መኪና ተሰባብሯል። አንድ ትዕይንት ላይ ሌላ መኪና ነክቶት የሚነዳው ማስታንግ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረ የመብራት ምሰሶ መታ። ሃሊኪ ከዚያ የተረፈው መኪናው ውስጥ በተበየደው የብረት ክፈፍና በቀበቶው ነው። መጨረሻ ላይ 39 ሜትር ያህል ርቀት ሲዘልም አከርካሪው ተጎዳ። በ1989 ሁለተኛውን ክፍል ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ሲቀርጽ ለትዕይንት ከሚጣል የውኃ ማማ ላይ የታሰረ ገመድ ተበጠሰ፤ ገመዱ የስልክ ምሰሶ ቆረጠ፤ ምሰሶው በሃሊኪ ላይ ወደቀ። 48 ዓመቱ ነበር።

ይህን ያነሣሁት ላስፈራራችሁ አይደለም። የመኪና ፊልም ሁሌም ከእውነተኛ ክብደት፣ ከእውነተኛ ፍጥነትና ከእውነተኛ ሥጋ ጋር የሚሠራ መሆኑን እንድናስታውስ ነው። በዚያ ስፍራ ብየዳውን በትክክል የበየደ፣ ቱቦውን ያጠበቀ፣ ፍሬኑን ሌሊት ተነሥቶ የፈተሸ ሰው የሰው ሕይወት በእጁ ይዟል። አካዳሚው ለስታንት ንድፍ ኦስካር እንደሚሰጥ በ2025 አስታውቋል፤ በ2027 ለሚወጡ ፊልሞች በ2028 ይጀምራል። መቶ ዓመት ዘግይቶ የመጣ ፍትሕ ነው፤ ደስ ብሎኛል። ስታንቱን የሚቻል ያደረገውን መኪና ለሚሠሩት ግን ለብቻው የተለየ ሽልማት እስካሁን የለም።

እዚህ የተቀመጣችሁ ወጣት ፊልም ሠሪዎች፣ ነገ አዲስ አበባ ውስጥም ሆነ እዚሁ ሎስ አንጀለስ መኪና የሚሮጥበት ትዕይንት ስትጽፉ፣ መካኒኩን ስክሪፕቱ ላይ ሳላችሁ ጥሩት። መቅረጫው ቀን ጠዋት ጠርታችሁ «ይህን አስነሣልን» አትበሉት። ምን ያህል ፍጥነት እንደሚያስፈልግ፣ የት መቆም እንዳለበት፣ ስንት ጊዜ እንደሚደገም ንገሩት፤ አይሆንም ሲላችሁም ስሙት። ስሙንም በፊልሙ ላይ ጻፉለት።

ወላጆች ሆይ፣ ለእናንተም አንድ ቃል አለኝ። በአገራችን የእጅ ሥራ ለረጅም ጊዜ ተንቆ ኖሯል፤ ያን ንቀት ይዘን ውቅያኖስ ተሻግረናል። ልጃችሁ ሞተር ፈትቶ መግጠም ከወደደ በዚህ ከተማ መማሪያ ቦታ አያጣም፤ ሎስ አንጀለስ ትሬድ ቴክኒካል ኮሌጅ የአውቶሞቲቭ ትምህርት ይሰጣል፤ ክፍያውም ከዩኒቨርሲቲው ጋር አይወዳደርም። ሂዱና አብራችሁት ጠይቁ፤ እጁን ዘይት ነካው ብላችሁ ግን አትከልክሉት።